የወይራ አክሊልና የካሲዮፒያ ወለባ፦ የግሪክን አፈ ታሪክ በሹሩባችን ልክ መሥራት

ነሐሴ ሲገባ ደሴ ውስጥ ሹሩባ የሚሠሩ ሴቶች እጃቸው አያርፍም። ላሊበላ ላይ አሸንድዬ፣ ሰቆጣ ላይ ሻደይ፣ ቆቦ ላይ ሶለል ይደርሳል። ነሐሴ 16 ከመምጣቱ በፊት ልጃገረዶቹ ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ ቅቤ ተቀብተው፣ ጌጣቸውን አሰናድተው መጨረስ አለባቸው። ከዓመታት በፊት በዚሁ ሰሞን የእህቴ ልጅ ስልኳን ይዛ መጣች። ምስሉ ላይ እንደ ግሪክ አማልክት የለበሰች ሴት አለች፤ ግንባሯ ላይ ባለ ቅጠል የወርቅ አክሊል አድርጋለች። «አክስትዬ፣ ይቺን ትሠሪልኛለሽ?» አለችኝ።

ሠራሁላት። ምስሉን እያየሁ፣ ድፍን ክብ አድርጌ፣ በመዳብ ሽቦ። ቆንጆ ነበር። ራሷ ላይ ሳደርገው ግን ሹሩባዋን አልፎ መውረድ አቃተው። እንደ ማቶት ከላይ ቁጢጥ አለ። ገፋ ገፋ አድርገን አስገባነው። በማግስቱ ስታወልቀው ግንባሯን ዞሮ አረንጓዴ መስመር ተሠርቷል። የፀጉሯ ቅቤ መዳቡን በልቶት ነበር።

ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ። ምስሉ ላይ ያለው አክሊል የተሠራው ተኝቶ ለሚወርድ ፀጉር ነው። የእኛ ራስ ሹሩባ አለው፣ ጎፈሬ አለው፣ ቅቤ አለው፣ ሻሽና ሂጃብ አለው። ታሪኩን ከግሪክ እንውሰድ፤ ልኩን ግን ከራሳችን ራስ ላይ ነው መውሰድ ያለብን።

ሦስት ጌጥ አሳያችኋለሁ። አክሊሉ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ እሱን የቻለ ሰው ሌሎቹ አይከብዱትም።

መጀመሪያ ቅጠሉን እወቁት

በግሪኮች ተረት ሁለት አማልክት፣ አቴናና የባሕሩ ጌታ ፖሲዶን፣ አንዲትን ከተማ «የኔ ትሁን» ብለው ተፎካከሩ። ፖሲዶን ባለ ሦስት ጣት ጦሩን ዓለት ላይ ሲመታ ጨው ጨው የሚል ውሃ ፈለቀ። አቴና ደግሞ ወይራ አበቀለች። ወይራው ተመረጠ፤ ከተማዋም በስሟ አቴንስ ተባለች። በጥንቱ ኦሎምፒያ ላሸነፈ ሰው የሚሰጠውም ከወይራ ቅርንጫፍ የተጠመጠመ አክሊል ነበር። ይሄንን እኛም በዓይናችን አይተነዋል። በ1996 ዓ.ም ክረምት በአቴንስ ኦሎምፒክ ቀነኒሳ በቀለና መሠረት ደፋር ወርቃቸውን ሲያጠልቁ ራሳቸው ላይ የወይራ አክሊል ነበር።

ብዙ ሰው ይሄን አክሊል ከሌላው የግሪክ አምላክ ከአፖሎ አክሊል ጋር ያምታታዋል። የአፖሎው ሌላ ዛፍ ነው። ዳፍኒ የምትባል ወጣት ከአፖሎ ስትሸሽ ወደ ዛፍ ተለወጠች፤ እሱም ከዚያ ወዲህ የዛፏን ቅጠል አክሊሉ አደረገው። ያ ዛፍ ሎረል ይባላል። ቅጠሉ ሰፋ ያለ ነው፤ ከቅርንጫፉ ላይ አንዱ በቀኝ፣ ቀጣዩ በግራ እየተፈራረቀ ይወጣል። ወይራ ግን ቀጭን ነው፤ ሁልጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆኖ፣ ፊት ለፊት ተያይቶ ይበቅላል። ሁለቱን ሳትለዩ ከጀመራችሁ የምትሠሩት ነገር የየትኛውም ዛፍ ቅጠል አይመስልም።

እኔ ወይራውን የምመርጠው ደጄ ስላለ ነው። የእኛ ወይራና የግሪኩ ወይራ የአንድ ዝርያ ቅርንጫፎች ናቸው። የወተት ዕቃ የምናጥንበት፣ ጥርስ የምንፍቅበት ያው ዛፍ። አንድ ቅጠል ይዛችሁ አገላብጡት። ፊቱ ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ ያብረቀርቃል። ጀርባው ወርቅማ ቡኒ ነው፤ ዝገት ብናኝ የተነሰነሰበት ይመስላል። የግሪኩ ወይራ ጀርባ ወደ ብርማ ያደላል፤ የእኛው የመዳብ ቀለም አለው። ጫፉ ደግሞ ሹል ሆኖ ቆልመም ይላል። ጌጡን የእኛን ወይራ የሚያስመስሉት እነዚህ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ቆልመም ያለው ጫፍና የመዳብ ጀርባው።

ለናሙና ሁለት ቅጠል ይበቃችኋል። የወደቀም ይሆናል። ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ ቅጥር ዛፍ ላይ ግን ሳታስፈቅዱ አትቁረጡ።

የሚያስፈልጋችሁ

ዋናው ዕቃ የመዳብ ሽቦ ነው። የኤሌክትሪክ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ባለ 2.5 ገመድ አንድ ሜትር፣ ባለ 1.5 ደግሞ አንድ ሜትር ግዙ። ውስጡ አንድ ድፍን መዳብ የሆነውን ነው የምትፈልጉት፤ ብዙ ቀጫጭን ሽቦ የተገመደበት አይሆንም። ባለ 2.5ቱ ሲላጥ ውፍረቱ 1.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ባለ 1.5ቱ ደግሞ 1.4 ገደማ። ለማሰሪያ የሚሆን ግማሽ ሚሊ ሜትር ቀጭን ሽቦ ሞተር የሚጠመጥሙ ባለሙያዎች ጋ ይገኛል። 8 ሜትር በቂ ነው።

እባካችሁ፣ ፕላስቲኩን በእሳት አቃጥላችሁ አታውጡት። ቶሎ ያልቃል ብሎ ከሰል ላይ የሚጥለው ብዙ ነው። ጭሱ መርዝ ነው፤ በተለይ ቤት ውስጥ፣ ልጅ ባለበት። በምላጭ በቁመቱ ሰንጥቃችሁ ላጡት። የሞተሩ ቀጭን ሽቦም ላዩ ላይ የማይታይ ቫርኒሽ አለው፤ እሱንም እሳት አታስነኩት።

ለቅጠሉ ሦስት ባዶ የለስላሳ ጣሳ ያስፈልጋል፤ አንድ ትርፍ ብትይዙ ጥሩ ነው። ከዚያ ፒንሳ፣ ጨርቅ የማትቆርጡበት መቀስ (ጣሳ መቀስ ያደንዛል)፣ ሞረድ፣ ቁጥር 400 ብርጭቆ ወረቀት፣ ማስቲሽ፣ ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ፣ ወርቃማና ቡናማ የዘይት ቀለም፣ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም፣ መርፌና ክር፣ ነጭ የጥጥ ጨርቅ። በመጨረሻም ካረጀ ነጠላ ላይ የተቆረጠ ጥለት። ነጠላው ሲያልቅ ጥለቱን የምታስቀምጥ እናት በየቤቱ አትጠፋምና ጠይቁ።

አክሊሉ

ልክ የሚወሰደው ፀጉሩ ከተሠራ በኋላ ነው። ይሄን ካዛባችሁ ሌላው ሁሉ ይበላሻል። ባዶ ራስ ላይ የተለካ አክሊል ሹሩባ ላይ አይገባም። ክር ይዛችሁ ከአንዱ ጆሮ ኋላ ተነሡ፤ በግንባሯ፣ ፀጉሩ በሚጀምርበት መስመር አሳልፋችሁ ሌላኛው ጆሮ ኋላ ድረስ ለኩ። ማጅራቷን አትለኩ። አክሊሉ እንደ ፈረስ ኮቴ ከኋላ ክፍት ነው የሚሆነው። የጥንቶቹም ሁለት ቅርንጫፍ ከኋላ ታስሮ፣ ጫፎቹ ግንባር ላይ እንዲገናኙ አድርገው ይሠሩት ነበር። ለእኛም የሚበጀን ይሄው ነው። ፀጉሩ ሲወፍር ይከፈታል፣ ሲቀጥን ይጠጋጋል። ለአንዲት ልጅ ልኩ 48 ሴንቲ ሜትር መጣ እንበል።

ከወፍራሙ ሽቦ 54 ሴንቲ ሜትር ቁረጡ። ትርፉ 6 ሴንቲ ሜትር ለሁለቱ ጫፎች ነው። አንዱን ጫፍ የሆነ ቦታ አጥብቃችሁ እሰሩና ሌላውን በፒንሳ ይዛችሁ ሳብ አድርጉት። ትንሽ ይሳብና ቀጥ ይላል፣ ጠንከርም ይላል። ከዚያ መካከለኛ ድስት ላይ ጠምዝዙት። ሁለቱን ጫፎች በፒንሳ ጠቅልላችሁ ጥለቱ የሚገባበት ቀለበት አድርጓቸው። መሐሉ ላይ በማርከር ምልክት አድርጉ።

አሁን ቅጠሉ። ናሙና ቅጠላችሁን ካርቶን ላይ አስቀምጣችሁ ዙሪያውን ሣሉ። ሁለት መጠን ያስፈልጋችኋል፤ ትልቁ 5 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 1.2 ሴንቲ ሜትር ወርድ፣ ትንሹ 3.5 በ1። ጫፉን ቆልመም አድርጉት። ጣሳውን ላይና ታቹን ቁረጡና በቁመቱ ሰንጥቃችሁ ዘርጉት። ጓንት አድርጉ፤ የጣሳ ጠርዝ እንደ ምላጭ ነው። የተጠቀለለውን ቆርቆሮ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ወደ ውጭ እያሻሻችሁ ስትጎትቱት ይተኛል።

እያንዳንዱ ቅጠል ከሁለት ቁራጭ ነው የሚሠራው። አንድ ነጠላ የጣሳ ቆርቆሮ ስስ ነው፣ ይታጠፋል፣ ጠርዙም ይቆርጣል። ሁለት ሲሆን ይጠነክራል፤ መሐሉም የቅጠሉ እንጨት (እጀታ) የሚሆነው ሽቦ መቀመጫ ይሆናል። በጠቅላላው 24 ትልልቅና 12 ትንንሽ ቅጠሎች ያስፈልጋሉ። በሁለት ሲባዛ 72 ቁራጭ ነው። ከአንድ ጣሳ 24 ያህል ይወጣል። ብዙ መስሎ ከታያችሁ ይሄን ልንገራችሁ፤ በፈረንጆቹ 1977 በሰሜን ግሪክ ቬርጊና ላይ ከንጉሣዊ መቃብር የወጣው የወርቅ አክሊል 313 ቅጠልና 68 የባሉጥ (ኦክ የሚባለው ዛፍ) ፍሬ ነበረው። የእኛ 36 ቅጠል በሁለት ምሽት ያልቃል።

ቁራጮቹን ሁሉ በሁለቱም ፊት በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጓቸው። ጣሳው ከውስጥም ከውጭም የተቀባ ነገር አለው፤ እሱ ካልተፋቀ ማስቲሹም ቀለሙም ይላቀቃል። ከቀጭኑ ሽቦ 12 ሴንቲ ሜትር ቁረጡ። የሁለቱን ቁራጭ ውስጠኛ ፊት ማስቲሽ ቀቡና አሥር ደቂቃ ያህል ተዉት። እርጥብ እያለ አታጣብቁት፤ ጣት ሲነካው ያዝ የሚያደርግ ሲሆን ነው ሰዓቱ። ሽቦውን መሐል አስገቡ፤ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ውጭ ይቅር። ከዚያ ግጥም አድርጋችሁ ተጫኑት።

ቅጠሉን የነጠላ ጫማ ሶል ላይ አስተኙና ቀለም በሌለው እስክሪብቶ ሽቦው ባለበት መስመር ጫን እያላችሁ አንድ ጊዜ ሂዱ። አንድ መስመር ብቻ። የወይራ ቅጠል የመሐል ጅማቱ ነው ጎልቶ የሚታየው፤ የጎኖቹ እምብዛም አይታዩም። ጎን ጎኑን ብዙ መስመር ከጨመራችሁበት የማንጎ ቅጠል ይሆንባችኋል። ቀጥሎ በሁለት ጣት መስመሩን ይዛችሁ በስሱ እጠፉት። ቅጠሉ እንደ ትንሽ ጀልባ ጎበጥ ይላል። ጫፉን እርሳስ ላይ ጠቅለል አድርጉት።

አሁን የነጠላ ፈተና ነው። ቅጠሉን ነጠላ ላይ ጎትቱት። ክር ከያዘ ጠርዙ ገና ሻካራ ነው፤ በብርጭቆ ወረቀት እንደገና አሹት። ይሄን ቅጠል በቅጠል አድርጉት፤ 36ቱንም። ያሰለቻል፣ አውቃለሁ። ግን የሙሽራ ቬል ወይም የሐር ሂጃብ ላይ የሚውል ጌጥ ነው። አንድ ሻካራ ጠርዝ የሙሽራዋን ልብስ በሠርጓ ቀን ይተለትለዋል።

ቀለሙን ከመጠምጠማችሁ በፊት ቀቡ። ፊቱን ወርቃማ፣ ስስ አድርጋችሁ ሁለት ጊዜ። ጀርባውን ወርቃማው ውስጥ ትንሽ ቡናማ ጠብ አድርጋችሁ ቀቡት፤ ያ የወይራችን ጀርባ ነው። ቅጠሎቹን እንደ ልብስ ገመድ ላይ ስቀሏቸው። በክረምት፣ ጉሙ የደሴን ሰፈሮች ሲሸፍን፣ የዘይት ቀለም ሁለት ቀን ሳይደርቅ ሊቆይ ይችላል። ትሠሩ ከሆነ ከበዓሉ ሳምንት ቀድማችሁ ጀምሩ። እንዲደርቅ ብላችሁ ከሰል ምድጃ ላይ አታንጠልጥሉት፤ ቀለሙም ማስቲሹም እሳት ይይዛሉ።

መጠምጠሙ የሚጀምረው ከግንባር ነው። ከመሐሉ ምልክት ግራና ቀኝ ሁለት ቅርንጫፍ አላችሁ። በቀኝ በኩል ሁለት ትንንሽ ቅጠል ያዙ፤ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች፣ ጫፋቸው ወደ ግንባሩ መሐል ያይ። እንጨታቸውን ወፍራሙ ሽቦ ላይ አምስት ስድስት ዙር፣ ጥብቅ አድርጋችሁ፣ ጎን ለጎን ጠምጥሙ። ከቅጠሉ ሥር 3 ሚሊ ሜትር ያህል እንጨት ነፃ ተዉ። ልጅቷ ስትጨፍር፣ ትከሻዋን ስትመታ፣ ቅጠሉ ርግብ ርግብ የሚለው በዚያች ነፃ እንጨት ነው። ቀጣዩን ጥንድ 2.5 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ራቅ አድርጋችሁ አስገቡ። የሱ ቅጠል የፊተኛውን ጥምጥም ይሸፍነዋል። ሦስት ጥንድ ትንንሽ፣ ከዚያ ስድስት ጥንድ ትልልቅ። በግራም እንደዚያው። የተቆረጠ ሽቦ ጫፍ ሁልጊዜ ከውጭ በኩል፣ ከቅጠል ሥር ይቅር፤ በፒንሳ ጫን አድርጉት። ወደ ውስጥ ከዞረ ግንባር ይወጋል።

በመጨረሻ ገበሩ። ያ አረንጓዴ መስመር የመጣው መዳቡ ቅቤ ከተቀባ ፀጉር ጋር ስለተነካካ ነው። ቅባት ውስጥ ያለው አሲድ መዳብን ያበላሸዋል። ስለዚህ ነጩን ጨርቅ 2 ሴንቲ ሜትር ወርድ አድርጋችሁ ቁረጡና እጠፉት። በሽቦው ውስጠኛ በኩል አስተኝታችሁ፣ በጥንዶቹ መሐል ክሩን እያሳለፋችሁ ስፉት። ገበሩ ሦስት ሥራ ይሠራል። ቅቤውን ይመጥጣል፣ አክሊሉ እንዳይንሸራተት ይይዛል፣ የሹሩባውንም ክር እንዳይነቅል ይከላከላል። ቅቤ ሲጠግብ ተርትራችሁ ሌላ ስፉበት። በኋለኞቹ ቀለበቶች 30፣ 30 ሴንቲ ሜትር ጥለት አስገቡና ማጅራት ላይ፣ ከሹሩባው ሥር እሰሩት። ጎፈሬ ከሆነ ወረድ አድርጋችሁ እሰሩት። ሂጃብ ለምታደርግ ከሂጃቡ በላይ አድርጋችሁ ጥለቱን ከኋላኛው እጥፋት ውስጥ ሸሽጉት፤ ኒካህ ላይ እንዲህ አድርገን አስረን በጣም አምሮ አይተነዋል።

የካሲዮፒያ ወለባ

ወለባ የሚለውን ቃል ያወቅሁት ከአያቴ ነው። የድሮ ሴቶች ሹሩባቸው ላይ የሚሰኩት የብር ጌጥ ነው። የግሪኩን ታሪክ ለመሸከም ከሱ የተሻለ ነገር የለም።

ካሲዮፒያ በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንግሥት ናት፤ የንጉሥ ሴፊየስ ሚስት። የግሪኮቹ «ኢትዮጵያ» ከግብፅ በታች ያለውን ሰፊ አገር ነው እንጂ የዛሬውን ድንበራችንን አይደለም። ንግሥቲቱ «ከባሕር ቆነጃጅት እንበልጣለን» ብላ በቁንጅና ተመካች። ፖሲዶን ተቆጥቶ የባሕር አውሬ ላከ። ልጇ አንድሮሜዳ ዓለት ላይ ታሰረች። ፀጉሯ እባብ የነበረውን የሜዱሳን ራስ ቆርጦ ይመለስ የነበረው ጀግና ፔርሲየስ አያት፣ አዳናት፣ አገባት። እናትየዋ ግን በኋላ ሰማይ ላይ ወጥታ፣ ለትዕቢቷ ቅጣት፣ ግማሹን ጊዜ ተዘቅዝቃ እንድትዞር ተደረገች።

ኅዳር ላይ፣ ሰማዩ ሲጠራ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ወደ ሰሜን ቀና በሉ። አምስት ደማቅ ኮከቦች ታያላችሁ። ብታያይዟቸው የተገለበጠ ሠ ናቸው። ስታቀኑት ሦስት ጫፍ ከላይ፣ ሁለት ከታች፤ ራሱ ንጉሡ ሠ። ንጉሥ የሚጻፍበት ፊደል የንግሥቲቱ ኮከብ ሆኖ ሰማይ ላይ መታየቱ ሁልጊዜ ልቤን ደስ ይለዋል። ወለባውን የምሠራው በዚህ ቅርጽ ነው።

መሰኪያውን ከባለ 2.5ቱ ሽቦ 26 ሴንቲ ሜትር ቆርጣችሁ፣ ወፍራም ማርከር ላይ እጠፉት። ሁለት እግር ይኖረዋል። እግሮቹን እኩል አድርጉና ርዝመታቸው 11 ሴንቲ ሜትር ይሁን። አጭር ወለባ ወፍራም ሹሩባ ውስጥ አይረጋም። መሐላቸው ላይ በፒንሳ ሁለት ትንንሽ ሞገድ አብጁ፤ ፀጉሩን የሚይዘው እሱ ነው። ከዚያ ወፍራም ብረት ላይ አስተኝታችሁ በትንሽ መዶሻ ቀስ እያላችሁ ምቱት። መዳብ ሲመታ ይጠነክራል። ከዚህ በኋላ እሳት አታስጠጉት፤ እሳት ያየ መዳብ መልሶ ይለሰልሳል። ጫፎቹን በሞረድ እንደ ክብሪት ራስ አድቦልቡሏቸው። ነጠላ ፈተናውን እዚህም አትርሱ።

የሠ ቅርጹን ከባለ 1.5ቱ ሽቦ 16 ሴንቲ ሜትር ቆርጣችሁ ነው የምትሠሩት። ወረቀት ላይ ሣሉት። እያንዳንዱ መስመር 3 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ በሁለቱ ጫፎች ሁለት ሁለት ሴንቲ ሜትር ትርፍ ይቀራል። ሁለቱ የታች ማዕዘኖች እኩል አይደሉም። በቀኝ ያለው ጠበብ፣ በግራ ያለው ከፈት ይላል። ሰማዩም እንደዚያ ነው፤ ሰው አስተካክሎ ሲሠራው ኮከብነቱ ይጠፋል። ሽቦውን ሥዕሉ ላይ እያስተኛችሁ በፒንሳ እጠፉ፤ ትርፎቹን ወደ ኋላ ጠቅልሏቸው።

ዶቃ ከማስገባታችሁ በፊት መዳቡን ማጥቆር ከፈለጋችሁ እንቁላል ቀቅሉ። ትኩሱን ልጣችሁ ፍርክስክስ አድርጉና ከጌጡ ጋር ፌስታል ውስጥ አሥራችሁ አሳድሩት። እንቁላሉ ጌጡን አይንካው፤ እንፋሎቱ ይበቃል። በእንቁላሉ ያለው ድኝ መዳቡን ወደ ቡኒ ከዚያም ወደ ጥቁር ይለውጠዋል። ጠዋት አውጥታችሁ ጎላ ጎላ ያለውን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት በስሱ አሹት። አሮጌ የቤተሰብ ዕቃ ይመስላል። የጥፍር ቀለሙን ሁለት ጊዜ ቀብታችሁ ጨርሱት።

ለዶቃው ባቲ ሂዱ፤ ሰኞ፣ በጠዋት። ጨሌውም፣ ዛጎሉም፣ የብር ጉልላቱም እዚያ ነው። አምስት ዶቃ ምረጡ። በግራ ጫፍ ያለችው ኮከብ ከአምስቱ ደብዛዛዋ ናት፤ ትንሿን ዶቃ ለእሷ ስጧት። እያንዳንዱን በቀጭን ሽቦ ማዕዘኑ ላይ፣ ግራና ቀኝ ሦስት ሦስት ዙር አድርጋችሁ እሰሩት። የሠ ቅርጹን ራሱን ከመሰኪያው እጥፋት ጋር በሁለት ቦታ ጠምጥሙት።

እግረ መንገዴን አንድ ልመና አለኝ። ገበያው ላይ 1780 የሚል የተጻፈበት ጠገራ ብር ታገኙ ይሆናል። በየዘመኑ የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት ነው የሚይዘው፤ ስለዚህ ቁጥሩ ዕድሜውን አይነግራችሁም። ቢሆንም ከቤተሰብ የወረዳችሁ ከሆነ ለጌጥ ብላችሁ አትብሱት። በዛጎል ይሠራል።

የሜዱሳ ጥምዝ

ይቺ አጭር ናት። የሜዱሳ ፀጉር እባብ ነበር፤ የተሠራ ሹሩባ ደግሞ ለጥምዝ ጌጥ ይመቻል። ከባለ 1.5ቱ ሽቦ 20 ሴንቲ ሜትር ቁረጡ። አንዱን ጫፍ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል በመዶሻ ጠፍጥፉት፤ ያ የእባቡ ራስ ነው። በሚስማር ሁለት ዓይን ውጉለት፤ እንዳይበሱት በቀስታ። ቀሪውን እርሳስ ላይ አምስት ዙር ጠምጥሙና ጅራቱን ወደ ውስጥ መልሳችሁ አድቦልቡሉት። ለቀጭን ሹሩባ በእርሳስ ፈንታ የእስክሪብቶ ቀለም መያዣውን ቀጭን ቱቦ ተጠቀሙ። በጥፍር ቀለም ሸፍኑት፤ ይሄኛው ገበር የለውምና ቅቤ እንዳይበላው።

እባብ የማትወድ እናት ካለች ራሱን ጠፍጥፉና እንደ ቅጠል አሹሉት። ያኔ የብራና መጽሐፍ ላይ እንደምናየው ሐረግ ይሆናል፤ የወይን አምላኩ የዲዮኒሶስ የወይን ሐረግ ነው ብላችሁም ብታስረክቡ ከግሪኩ ታሪክ አልወጣችሁም።

ስታስገቡት ከሹሩባው ጫፍ ጀምራችሁ እንደ ቡሎን እያዞራችሁ ነው። ስታወጡትም በተቃራኒው እያዞራችሁ። ጎትታችሁ ካወጣችሁት የተጎነጎነውን ይፈታዋል። በዓሉ ሲያልፍ ጌጦቹን በሞቀ ውሃና በሳሙና አጥባችሁ ቅቤውን አስለቅቁ። የጠቆረ ወይም የዛገ መዳብ ካለ ግማሽ ሎሚ ላይ ጨው ነስንሳችሁ አሹት፤ ወዲያው ይቀላል። ሆን ብላችሁ በእንቁላል ያጠቆራችሁትን ወለባ ግን ሎሚ አታስነኩት። በደረቅ ጨርቅ ጠርጉት፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልሉት፣ አክሊሉን ደግሞ ቅጠሎቹ እንዳይጫኑ ባዶ ካርቶን ውስጥ ጋደም አድርጉት።